ቁጭ በይ፣ እኔ እሞላልሻለሁ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁትን አይደለም የምነግራችሁ። ማመን የማይፈልግ ካለ ከአሁኑ ይለፈው፤ የማንንም እጅ ይዤ አላሳምንም።

ጊዜው በፈረንጅ 2006 ነው። ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል።

አስፈሪ ነገር የሚመጣው ሲመሽ ብቻ ይመስላችኋል? የእኔ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ውጭ ማታቱ የሚባሉት የናይሮቢ ሚኒባሶች ረዳቶች "ታውን! ታውን!" እያሉ መሀል ከተማ የሚሄድ ይጠራሉ፣ ሰው ምሳ በልቶ ወደ ቢሮው ይመለሳል...

ስሜ ሠርክ ነው። ያን ጊዜ ዌስትላንድስ ውስጥ ባለች ትንሽ የቲኬት ቢሮ እሠራ ነበር። ደንበኞቼ አብዛኞቹ የአገሬ ልጆች ናቸው፤ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች። ከእኛ ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ የቢጫ ወባ ክትባት የሚሰጥ ክሊኒክ ነበር። ስሙን አልጠራም። ያለ ቢጫ ካርድ ደቡብ አፍሪካም ሕንድም ስለማያስገቡ፣ ቲኬት የቆረጠ ሁሉ እዚያ መሄዱ አይቀርም።

እኔ ደግሞ ሥራ ማቀላጠፍ እወዳለሁ። የክሊኒኩን ፎርም በጥቅል አምጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ደንበኛው ቲኬቱን ሲጠብቅ ፎርሙን እኔው እሞላለታለሁ፣ እሱ ይፈርማል፣ ይዞ ይሄዳል።

ፎርሙ ሦስት ጥያቄ ነው ያለው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ "አዎ"፣ አንዱ "የለም"። ማን ያነበዋል? ሦስቱንም "የለም" ላይ ራይት፣ ራይት፣ ራይት።

አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት ንጄሪ በራይቴ ትስቅ ነበር። ጭራው ረዝሞ ወደ ላይ ይወጣና መልሶ ወደ ታች ይቆለመማል። ዓሣ ልታጠምጂበት ነው ወይ ትለኛለች።

ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አቢግያ ታናሽ እህቴ ናት። ጆሃንስበርግ ወዳለው ባሏ ወደ ዮአብ ልትሄድ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ካሳራኒ እኔ ቤት ነበር ያረፈችው። ጠዋት ጠዋት አብራኝ ትወጣለች። ማታቱ የምንይዝበት ቦታ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ሰንጥቆ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ሞልቶበት የሚሸጥ ሰውዬ አለ። ቁርሴ እሱ ነበር። አቢግያ እንኳን ልትቀምስ፣ እኔ ስበላ ፊቷን ታዞራለች።

ስለት ነው። እናታችን በሕፃንነቷ ለአቦ ተስላ፣ ያቺ ልጅ እንቁላል በአፏ ዞሮ አያውቅም። ፋሲካ እንኳ ከዶሮው ወጥ ውስጥ እንቁላሉን ለእኔ ነበር የምታሳልፈው። ቤታችን ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጠይቀው ነገር ነው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ለመንገዷ የገዛሁላትን አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ፎርሙን አውጥቼ ስሰጣት በጣቷ ቃል በቃል እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። እንግሊዝኛዋ ቀርፋፋ ነው። አለቃዬ ደግሞ ታውን ካለው የአየር መንገድ ቢሮ ቲኬት ይዘሽ ነይ እያለ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል።

ፎርሙን ከእጇ ወሰድኩት።

"ቁጭ በይ፣ እኔ እሞላልሻለሁ" አልኳት።

ሞላሁላት። ፈረመች።

የወጋቻት ሲስተር ዓለምፀሐይ ናት። የደሴ ሴት፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ድምፅዋ የማይሰማ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንሳሳማለን። ወጋቻት፣ ቢጫው ካርድ ላይ ማኅተም መታችበት፣ ይዘን ወጣን። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ይል ነበር።

ማታቱ ውስጥ ገብተን አምስት ደቂቃ ሳንሄድ መንገዱ ተዘጋ።

"ሠርኬ... ክንዴን ያሳክከኛል።"

"መርፌው ነው። ያልፋል።"

ግራ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ቀይ እብጠት በእብጠት ሆኗል። አንዱ ከሌላው እየተያያዘ፣ እያየሁት ወደ አንገቷ ወጣ። ከንፈሯ አበጠ። ዓይኗ ጠበበ።

"ትንፋሽ..." አለችኝ በሹክሹክታ።

ያለችኝ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ረዳቱ ወርዶ መኪናዎቹን እየደበደበ መንገድ ለመነልን። ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ እጇ በእጄ ውስጥ ቀዝቅዟል። ረዳቱ ራሱ አለቀሰ። "ፖሌ ዳዳ... ፖሌ ሳና" እያለ፣ አይዞሽ እህቴ ማለቱ ነው፣ ጀርባዬን ይዳስሰኝ ነበር።

አስከሬኗን ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ቀበርኳት። አረንጓዴውን ሻሽ በገዛ እጄ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩላት። ዮአብ አልቅሶ አልቅሶ ጆሃንስበርግ ተመለሰ። እኔም ናይሮቢ ተመለስኩ።

እኔ ግን ለማልቀስ አልነበረም የተመለስኩት።

ሐኪሙ ሰውነቷ ያልተቀበለው ነገር ነበር ብሎ ነግሮኛል። ለእኔ ይህ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓለምፀሐይ እህቴን ገደለቻት። የመጀመሪያው እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠበቅኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህች ሴት ያን ክሊኒክ ለቃ እስክትወጣ ጥቁሬን አላወልቅም ብዬ ማልኩ። ቀና ብላ አላየችኝም። አንገቷን ደፍታ ገባች።

አንገት መድፋቷ ይብስ አናደደኝ።

የጤና ባለሙያዎችን ጥፋት ለሚያየው ኮሚቴ ከሰስኳት። ፎርሙን አምጪ ሲሏት ጠፋ አለች። ያን ቀን ደስታዬን የት ላስቀምጠው! ወረቀት የሚጠፋው የሚደበቅ ነገር ሲኖር ነው ብዬ በየሄድኩበት አወራሁ። ኮሚቴው እኔንም ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። ለሁለቱም "አላለችም" ብዬ መጽሐፍ ይዤ ማልኩ። ጥያቄዎቹን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ተጓተተ። እሷም ሥራዋን ቀጠለች።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሌላ ስህተት ስትሠራ ብይዛትስ? ደንበኞቼን ወደ ሌላ ክሊኒክ መላክ እችል ነበር፣ አልላክኩም። ፎርማቸውን እንደወትሮዬ እየሞላሁ ወደ እሷ ላክኋቸው። ለወጥመድ እንደሚደረግ ሥጋ ነው የላክኋቸው። እንዲህ ነበርኩ፤ አሁን ማሳመር አልፈልግም።

መጀመሪያ የተመለሱት ጋሽ ሐብተማርያም ናቸው። ላቪንግተን ያለ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ። ወደ ሕንድ ሊሄዱ ነበር። ቲኬታቸውን ሊወስዱ መጥተው ክንዳቸውን ያካሉ።

"እስቲ ያሳዩኝ" አልኳቸው።

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ቀይ ሳጥን... ትንሽ፣ አራት ማዕዘኑ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል፣ ከቆዳው ከፍ ያለ። ውስጡ ደግሞ ራይት።

ጋሽ ሐብተማርያም መርፌ ያመጣው ነው ብለው ሳቁበት። ከዚያ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ክሊኒኩ ውስጥ አግዳሚው ላይ የምትቀመጥ አንዲት የአገራችን ልጅ አለች፣ ትሑት ናት፣ ፎርሙን ማን እንደሞላልኝ ጠየቀችኝ አሉኝ።

"ምን አሏት?"

"አንቺ ነሻ! ሠርክ ናት አልኳት። 'እሺ' አለችና ክንዴን በጣቷ ነካ አደረገችኝ።"

አዲስ ሠራተኛ ቀጥረው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በሳምንቱ ቶሎሳ መጣ። የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ ግንባሩ ላብ በላብ ሆኗል። የእሱ ሦስት ሳጥን ነው። አንዱ ከአንዱ በታች በቀጥታ የተደረደረ። ሦስቱም ውስጥ ራይት። ብነካው ልክ ከምድጃ እንደወረደ ድስት ይፋጃል።

"ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለኝ ቶሎሳ በለሆሳስ። "እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።"

"የሴትዮዋ እጅ ነው" አልኩት። ልቤ በደስታ ይመታ ነበር። ሁለተኛ ምስክር አገኘሁ!

"ሌላም ነገር አለ። አግዳሚው ላይ ያለችው ልጅ... ፎርሙን ማን ሞላልህ አለችኝ።"

"ምን ዓይነት ልጅ ናት?"

"ቀጭን ናት። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች። ግራ እጅጌዋን ሰብስባ ነው የምትቀመጠው።"

እጄ ላይ የነበረው ስክሪብቶ ወደቀ።

ናይሮቢ ውስጥ አረንጓዴ ሻሽ ሞልቷል አልኩ ለራሴ። ቶሎሳን ክንዱን ፎቶ አንስቼ ሸኘሁት። ምልክቱ በአሥረኛው ቀን ጠፋ፤ የጋሽ ሐብተማርያምም እንዲሁ። አሥረኛው ቀን ማለት ቢጫ ካርዱ መሥራት የሚጀምርበት ቀን ነው።

ፎቶውን ለንጄሪ አሳየኋት። መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥላ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛዬ፣ ወደ ቲኬቶቹ አየች።

"ሠርክ... ይሄ እኮ ያንቺ ራይት ነው" አለችኝ።

ጭራው ረጅም። ወጥቶ የተቆለመመ።

አታላግጪ ብዬ ፎቶውን ነጠቅኳት። ያን ቀን ከእሷ ጋር አልተነጋገርንም።

ፎቶውን ለኮሚቴው ሰጠሁ። አንዱ ሐኪም አገላብጦ አይቶት፣ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ሲጫር የተጫረበትን ቅርጽ ይዞ ያብጣል፣ ከክትባት በኋላ ሊብስበት ይችላል፣ አይገድልም አለ። ሦስት ሰው ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲወጣስ ብዬ ልጠይቀው አሰብኩ። ሦስተኛ ሰው ግን ገና አልነበረኝም።

ሦስተኛዋ ሀሴት ሆነች።

ሀሴት ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አማርኛዋን ሳትጨርሰው እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ትገባለች። ቢሮዬ ስትመጣ ከንፈሯ ገና እብጠቱ አልወረደም። ክንዷ ላይ ሦስቱ ሳጥኖች አሉ። ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይበልጣል፤ ጠቁሯል፣ ውስጡ ያለው ራይት እንደ ቁስል ከፍቷል።

"አንቲ ሠርክ፣ ልሞት ነበር እኮ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ክላስ ነበረኝ፣ ሲ ኡናጁዋ፣ ታውቂ የለ፣ ተወግቼ ልወጣ ስል ያቺ ልጅ እጄን ያዘችኝ። እጇ... አይ ዶንት ኖው፣ በረዶ ነው። 'ቁጭ በይ፣ ግማሽ ሰዓትሽ አልሞላም' አለችኝ። ላስለቅቃት አልቻልኩም። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አንገቴ ተዘጋ።"

"ከዚያስ?"

"ሲስተር ሮጣ መጥታ ሌላ መርፌ ወጋችኝ። ሺ ሴቭድ ሚ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስነቃ ሲስተር ፎርሜን ይዛ ታለቅሳለች። አንቲ... ፎርሙ ላይ 'የለም' ነው የሚለው። አንቺ እኮ አልጠየቅሽኝም።"

በር ድረስ ሸኘኋት።

የዚያን ዕለት ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? ልጅቷ በመትረፏ አልተደሰትኩም። አንድ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ዓለምፀሐይ ደርሳ ባታድናት ኖሮ ጉዳዩ ያልቅ ነበር ብዬ አሰብኩ። ቂም ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ከዚያ ተነሥቼ ለኮሚቴው ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ይኸው ሁለተኛ ልጅ ልትገድል ነበር ብዬ።

በነሐሴ ፈቃዷን ቀሟት።

ጥቁሬን አወለቅኩ። ቀይ ሹራብ ለብሼ ሥራ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ንጄሪ ምሳ ወጥታ እኔ ብቻዬን ሳለሁ በሩ ተከፈተ።

ሲስተር ዓለምፀሐይ።

ክስት ብላለች። የደንበኞች አግዳሚ ላይ አልተቀመጠችም፤ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

"አዲስ አበባ። መሄጃ ብቻ" አለችኝ።

"መቼ?"

"ነገ ካለ ነገ።"

ፊቴ ላይ ምን እንደተነበበ አላውቅም። ቲኬቱን ጻፍኩላት። ልትወጣ ስትል ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"ይሄ ያንቺ ነው።"

ገለጥኩት። ፎርሙ ነው። የአቢግያ ስም በእኔ ጽሕፈት። የአቢግያ ፊርማ። "የለም" ላይ ሦስት ራይት... ጭራቸው የተቆለመመ።

"ጠፋ ብለሽ አልነበር?"

"አልጠፋም።"

"ታዲያ ለምን ደበቅሽው?"

"እህቷን ገና ትናንት የቀበረች ሰው ላይ ይህን ላውጣ? ሐዘንሽ ይብረድልሽ ብዬ ነው። ራስሽ ትናገሪዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ሦስተኛውን ጥያቄ አንብቢው።"

አነበብኩት። እንቁላል ሲበሉ ሰውነትዎ ያብጣል ወይም ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ ይላል። መድኃኒቱ በእንቁላል ውስጥ ስለሚዘጋጅ ነው የሚጠየቀው።

"በቃልም ጠይቄያታለሁ" አለች ሲስተር ዓለምፀሐይ። "እንቁላል ይስማማሻል ወይ ስላት ወደ አንቺ ዞረች። አንቺ ምን አልሽ?"

ፎርሙን ገለበጥኩት።

"ግማሽ ሰዓት አግዳሚው ላይ ቁጭ በሉ፣ ሳላያችሁ እንዳትሄዱ አልኩ። አንቺ ምን አልሽ?"

አንባቢዎቼ፣ ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኳችሁ ሁለቱ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ኮሚቴው ስለ እንቁላል ጠይቃችኋለች ወይ አለኝ፤ አላለችም ብዬ ማልኩ። ቆዩ ብላችኋለች ወይ አለኝ፤ አላለችም ብዬ ማልኩ።

ብላን ነበር። ሁለቱንም።

ለመጀመሪያው፣ "ስለት ነው እንጂ በሽታ የለባትም፣ ቶሎ በይልን" ነው ያልኩት። ለሁለተኛው አንድ ቃል አልመለስኩም። የአቢግያን እጅ ይዤ ወጣሁ።

ረስቼው አልነበረም። እያንዳንዱን ቃል አስታውስ ነበር።

"በቀን አርባ ሰው እወጋ ነበር" አለች ሲስተር ዓለምፀሐይ። "ያ ምልክት የወጣባቸው አንቺ የላክሻቸው ብቻ ናቸው።"

ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን እንደያዘች ሳትዞር ተናገረች። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነበር።

"አግዳሚው ላይ ያለችውን ልጅ እኔም አያት ነበር። ማንንም አትጎዳም። ሰዓቱን እያየች ትጠብቃለች። ዛሬ ዕቃዬን ልወስድ ስገባ ግን..."

"ግን ምን?"

"አግዳሚው ባዶ ነው።"

ወጣች።

ወዲያው ለእናቴ ደወልኩ። የአቢግያ ስለት መቼ ነው የተሳልሽው አልኳት። እናቴ ተገረመች። እንዴት ረሳሽው አለችኝ። ዓመት ከመንፈቋ ሳለች ነው፤ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቋርጦ፣ ሞተች ብለን ስናለቅስ፣ አቦን ከተረፈች ዳግመኛ እንቁላል አላስቀምሳትም ብዬ ለመንኩ አለችኝ።  

"አንቺ እኮ ነሽ ያጎረስሻት" አለችኝ ቀስ ብላ። "ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ከራስሽ ድርሻ ቆርሰሽ።"

ስልኩን ዘጋሁት።

ፎርሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ያን ወረቀት ይዤ ኮሚቴው ጋ ብሄድ፣ ሴትየዋ ነገ ሳትሳፈር ፈቃዷም ስሟም ይመለስላት ነበር። በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትመልሱልኝ። ሁሉም ሰው ሩቅ ሆኖ ደግ ነው።

እኔ ቀደድኩት። ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት። ቁርጥራጩን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፣ ላዩ ላይ የምሳዬን ሶዳ አፈሰስኩበት። ከዚያ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄድኩ።

ተመልሼ ስገባ ቢሮው ጸጥ ብሏል። የማታቱዎቹ ጩኸት ተቋርጧል። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል።

ዓለምፀሐይ ስትገባም ስምንት ተኩል ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ ፎርም አለ። ያልተቀደደ፣ ያልታጠፈ፣ አዲስ። መሳቢያዬን ቆልፌው ነበር፤ አሁንም ተቆልፏል።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሦስቱ ጥያቄዎች አልተሞሉም። ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ተጽፎበታል። እንግሊዝኛ ፊደል እያሰበ የሚጽፍ ሰው እጅ ነው፤ ቀርፋፋ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው ቆሞ።

ሠ... ር... ክ።

ያ ስም የእኔ ነው።

ከኋላዬ፣ የደንበኞች አግዳሚ ካለበት በኩል፣ እንጨቱ ሲጥ አለ። ሰው ሲቀመጥ እንደሚለው።

መዞር አልቻልኩም። በጠረጴዛዬ መስተዋት ላይ ግን አንድ ነገር ይታየኛል። አረንጓዴ ነው። ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ እኔ መጣ።

"አቢዬ..." አልኩ። 

በረዶ የሆነ እጅ ትከሻዬን ተጭኖ ወንበሬ ላይ አስቀመጠኝ። ግራ እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰበው። በጥንቃቄ፣ እንደ ነርስ።

ጆሮዬ ሥር የታናሽ እህቴን ድምፅ ሰማሁ። አልተቆጣችም። ያ ነው እስከዛሬ የሚያስፈራኝ።

"ቁጭ በይ፣ እኔ እሞላልሻለሁ።"

የስክሪብቶ ጫፍ ቆዳዬ ላይ ተሰማኝ።

ንጄሪ ስትመለስ መሬት ላይ አገኘችኝ። ክንዴ ላይ ስድስት ሳጥን ወጥቶ ነበር፤ ሦስቱ "አዎ" የሚባሉት፣ ሦስቱ "የለም" የሚባሉት። ሁለቱ፣ በሐሰት በማልኩባቸው በሁለቱ ጥያቄዎች ልክ፣ ተሞልተዋል፣ "አዎ" በኩል። ራይቱ አጭር ነው፣ ጭራ የለውም። የእኔ አይደለም።

አሥረኛው ቀን ደረሰ፣ አልጠፋም። አሥር ዓመት አለፈ፣ አልጠፋም።

ሲስተር ዓለምፀሐይ በማግስቱ ተሳፈረች። ለኮሚቴው እውነቱን ጻፍኩ፤ ዘግይቼ፣ በሁለት ዓመቱ። መልስ አልመጣልኝም። ደሴ ድረስ ሄጄ ፈለግኳት፣ ሞታለች አሉኝ። ስለዚህ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። መድኃኒቱም ሴትየዋም ምንም አላጠፉም። አንድ ጥያቄ ሳያነብ የመለሰ ሰው ነው ያጠፋው።

ሦስተኛው ሳጥን እስካሁን ባዶ ነው።

በየቀኑ ስምንት ተኩል ሲሆን ያሳክከኛል። ያኔ የትም ልሁን የት፣ ባንክ ቤትም ይሁን ታክሲ ተራ፣ መቀመጫ ፈልጌ ቁጭ እላለሁ። ከጎኔ ያለውን ቦታ ማንም አይቀመጥበትም። ሰው ይመጣና ያየዋል፣ "ሰው አለበት?" ይለኛል።

ዛሬ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጋር መጥታ ፊቴ ቆመች። ወደ ጎኔ አየች። ከዚያ የእናቷን ቀሚስ ጎተት አድርጋ በሹክሹክታ እንዲህ አለቻት።

"እማ... ያቺ ልጅ ለምንድን ነው ሰዓቱን የምታየው?"